ኮምፒውተር እቤት ለመገጣጠም፦ ብሩ የት የት ይዋል?

ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ላፕቶፕ ይሻለኛል ወይስ ዴስክቶፕ?» ብሎ ነው። ሥራው ከቦታ ቦታ የማያዞር ከሆነ መልሴ ዴስክቶፕ ነው። ለልጆች ትምህርት፣ ለማመልከቻ ጽሕፈት፣ ለሱቅ ሒሳብ፣ ለሠርግ ቪዲዮ ቅንብር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር በዚያው ብር የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ሲበላሽም የተበላሸው ክፍል ብቻ ተነቅሎ ይቀየራል። የላፕቶፕ ትልቁ ብልጫ ባትሪው ነው፤ መብራት ሲሄድ ሥራ አያቋርጥም። ስለ መብራት በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ፤ እኛ አገር ዴስክቶፕ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በእሱ ነውና።

መገጣጠም ሲባል አይክበዳችሁ። ብየዳ የለበትም። አንድ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ በቂ ብርሃንና ሁለት ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ክፍሎቹ የሚሰኩት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀዳዳ ነው፤ አብዛኞቹም በተሳሳተ አቅጣጫ አይገቡም። እምቢ ያለን ነገር በጉልበት አትግፉ። እምቢ ያለው ወይ ቦታው ስላልሆነ ነው፣ ወይ ስለተገለበጠ ነው።

ክፍሎቹ ምን ምን ናቸው? ፕሮሰሰር ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ቺፕ ነው። ማዘርቦርድ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ሥራውን የሚዘረጋበት ቦታ ነው፤ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ፋይሎቻችሁ የሚቀመጡት ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚቀንሰው ሣጥን ነው። ኬዝ ይህን ሁሉ የሚይዘው ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ይጨመራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ሁሉንም አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ? ብሩ ጠባብ ከሆነ እኔ የምመክረው መካከለኛውን መንገድ ነው። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር እንደ መሠረት ግዙ፤ ከዚያ ደካማ ጎኑን በአዲስ ክፍል ቀይሩ። ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው።

አዲስ ክፍል ሁሉ የሚገባው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኢንቴል ኮር አይ 3 12100 ፕሮሰሰር በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ ዋጋው 120 ዶላር ገደማ ነበር። ዶላር በ57 ብር ቢታሰብ 6,840 ብር ነው። በ130 ብር ቢታሰብ 15,600 ብር ይሆናል። ይህ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር የአንድ ክፍል ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ገበያ አትውጡ፤ በምትገዙበት ሳምንት ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ያገለገሉት የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። የውጭ አገር ድርጅቶች ዕቃቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ፤ የተቀየረው በብዛት ተሰብስቦ ይሸጣል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሱቆች ውስጥ የምታዩዋቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ብዙዎቹ ከእነዚህ ናቸው። ቀን ሙሉ እንዲሠሩ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ጠንካሮች ናቸው። ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ ተጋብተው ስለሚመጡ የመገጣጠሙ ከባዱ ክፍል ተሠርቶላችኋል ማለት ነው።

ስንተኛ ጄኔሬሽን ልምረጥ? ጄኔሬሽን የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ይታወቃል። ኮር አይ 5 4590 የሚል ካያችሁ የመጀመሪያው 4 አራተኛ ትውልድ መሆኑን ይነግራችኋል። 8500 ስምንተኛ ነው፣ 12100 ደግሞ አሥራ ሁለተኛ። ሻጭ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ብቻ ሲያሞግስ ትውልዱን ጠይቁት። የሁለተኛው ትውልድ አይ 7 ከአሥራ ሁለተኛው ትውልድ አይ 3 ያነሰ ይሠራል።

ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለትምህርት ቪዲዮ አራተኛ ትውልድ ይበቃል፤ ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 እዚህ ውስጥ ናቸው። ግን አንድ ነገር እወቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው የኢንቴልን ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ስለዚህ አቅም ካለ ስምንተኛውን ፈልጉ፤ ኦፕቲፕሌክስ 3060ና 7060 የዚያ ወገን ናቸው። አቅም ከሌለ አራተኛውን ገዝታችሁ ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት። ሊኑክስ ሚንት ዊንዶውስን የሚተካ ነጻ ሥርዓት ነው፤ ሊብሬኦፊስ የሚባለው የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም አብሮት ይመጣል። አማርኛ ለመጻፍም ኪማን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል።

ሱቅ ውስጥ ኬዙን አስከፍታችሁ እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ቆመው የሚታዩት ትናንሽ ሲሊንደሮች ካፓሲተር ይባላሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ናቸው። አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ተዉት። ከዚያ አስነሥታችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ ለመመለስ ከሚወጣው የመኪና ሒሳብ ግማሽ ሰዓት መቆም ይረክሳል።

ኬዙም በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቆሞ የሚቀመጥ ትልቁና ቀጭኑ። ዋጋቸው ከተቀራረበ ትልቁን ውሰዱ። ቀጭኑ ውስጥ መደበኛ የግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን አዘጋጅቶ ለሞኒተሩ የሚሰጠው ክፍል፣ አይገባም፤ አየሩም ይጠብበታል።

«አይ፣ እኔ ሁሉንም አዲስ ነው የምፈልገው» ላላችሁ ደግሞ ዋናው ነገር ጋብቻው ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚገባበት የራሱ ሶኬት አለው፤ ሶኬት እዚህ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መቀመጫ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ እስከ አሥራ አራተኛ ያሉት የኢንቴል ትውልዶች ኤልጂኤ 1700 በሚባለው ይቀመጣሉ። የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ በኤኤም 4 ይቀመጣል። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ከተለያየ ሱቅ ከገዛችሁ ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። በኤኤም 4 በኩል ቢ450 የሚባለው ማዘርቦርድ ረከስ ይላል፤ ግን ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ካልታደሰ 5600ጂን ላያውቀው ይችላል። ሻጩ አድሶ፣ አስነሥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ፊደሎቹንም ልብ በሉ። ኢንቴል ከቁጥሩ ኋላ ኤፍ ካለበት ውስጡ የግራፊክስ ክፍል የለውም፤ የግራፊክስ ካርድ ለብቻው ካልገዛችሁ ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኤፍ ያለበት ረከስ ስለሚል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኤኤምዲ 5600ጂ ግን ጂ የሚለው ፊደል ግራፊክስ ውስጡ እንዳለ የሚያመለክት ነው።

ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ብቻ የግራፊክስ ካርድ አስቡ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው አሮጌ ካርድ የሚስበው 75 ዋት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ዓይነቱ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ስለሚሠራ ለቢሮ ኮምፒውተር ይመቻል። ለማመልከቻ ጽሕፈት ካርድ መግዛት ግን ብር መጣል ነው።

ራም ስንት ይበቃል? 8 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 16 ካገኛችሁ ለዓመታት አትቸገሩም። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 እርስ በርስ አይተካኩም፤ ጥርሳቸው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል። አራተኛው ትውልድ ዲዲአር 3፣ ስምንተኛው ዲዲአር 4 ይወስዳል። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መሰካት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ይፈጥናል። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የማስታወሻ ቺፕ በገፍ ስለሚገዙ በዓለም ገበያ የራም ዋጋ በጣም ወጥቷል። ራሙ ውስጡ ያለ ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛት አሁን ይበልጥ የሚያዋጣው በዚህም ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አዲስ ግዙ ብትሉኝ ኤስኤስዲ እላለሁ። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ መርፌው ፋይል ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ተራው ኤስኤስዲ በሴኮንድ ወደ 500 ሜጋባይት ያነባል፤ ሃርድ ዲስኩ 150 ቢደርስ ነው፣ ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙበት ደግሞ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ያን «ቀርፋፋ» እየተባለ የሚወቀስ የአሥር ዓመት ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ሲገባለት ሌላ ኮምፒውተር ይመስላል። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለሥርዓቱና ለሰነድ ይበቃል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ለፎቶና ለፊልም አብሮ ይቀመጥ። ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ረክሶ «2 ቴራባይት» የሚል ካያችሁ ተጠራጠሩ። ያልያዙትን መጠን እንደያዙ የሚናገሩ የሐሰት ዕቃዎች አሉ፤ ሞልተውት ካልሆነ አይታወቁም።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ከዘመድ አገኘሁ። ሶኬት ላይ ሰክቼ ቁልፉን ስጫነው ጧ ብሎ ጠፋ፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በኋላ ሳየው ከጀርባው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ነበረች፣ 115 ላይ የተቀመጠች። እዚያ አገር መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ማብሪያዋን በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 መግፋት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ።

ይህች ማብሪያ የሌለችበት ፓወር ሰፕላይ ይሻላል። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ኢንፑት በሚለው ፊት ለፊት 100-240 የሚል ከሆነ በዚያ መካከል ባለ ማናቸውም ቮልት ይሠራል ማለት ነው። ጎረቤት የእንጀራ ምጣድ ሲለኩስ አምፖላችሁ ደብዘዝ ሲል አይታችኋል፤ ቮልቱ ወርዶ ነው። 100-240 የተጻፈበት ይህን ይችላል፤ 200-240 ብቻ የሚለው ግን ኮምፒውተራችሁን ሥራ መሐል ሊያጠፋው ይችላል።

አዲስ ኬዝ ስትገዙ ውስጡ ገብቶ የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ ላይ «500 ዋት» ተብሎ ይለጠፋል። አትመኑት፤ ራሳችሁ አስሉት። ሰሌዳው ላይ ከ12 ቮልት አጠገብ ያለውን የአምፒር ቁጥር ፈልጉና በ12 አባዙት። 18 አምፒር ካለ 216 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከዚያ ነው። በእጃችሁም መዝኑት። ደህናው ይከብዳል፤ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስለው ውስጡ የጎደለ ነው። እኔ ብሆን ከፕሮሰሰሩ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ለፓወር ሰፕላዩ እጨምራለሁ። ርካሽ ፕሮሰሰር ሥራ ያዘገያል፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ለገዙ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ፓወር ሰፕላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዝበት መሰኪያ የራሱ ባለ 8 ሹል ነው፤ መደበኛው ባለ 24 አይገባበትም። የተቃጠለ ጊዜ የዚያውን ሞዴል ወይም አገናኝ ገመድ መፈለግ ግድ ነው። ስትገዙ ሱቁ መለዋወጫ እንዳለው ጠይቁ።

ዩፒኤስስ ያስፈልጋል? አዎ፤ ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ የሚያንስበትን ጎን የሚሞላው እሱ ነው። ዩፒኤስ ውስጡ ባትሪ ያለው ሣጥን ሲሆን መብራት ሲሄድ ወዲያው ይተካል። ትንሹ 650 ቪኤ የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይይዛል፣ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ኮምፒውተርና ሞኒተር አብረው 80 ዋት ቢስቡ፣ በመሐል የሚባክነው ተቀንሶ፣ ባትሪው አዲስ ሳለ ሩብ ሰዓት ገደማ ያቆያል። ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ነው እንጂ ፊልም ለመጨረስ አይደለም። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ ባትሪው ብቻ ይቀየራል፣ ሣጥኑ አይጣልም። ጽሕፈት ቤት የምትከፍቱ፣ ሌዘር ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ወረቀቱን ለማሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስቡ ዩፒኤሱን ያወድሙታል።

ዩፒኤስ እስክትገዙ ድረስ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ንቀሉ። ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የሚጎዳው የመጀመሪያው ግፊት ነው። ኬዙን ስትነኩ እጃችሁን ነዘር የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ የቤታችሁ መስመር የመሬት ገመድ የለውም ማለት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

የመብራት ወጪው ብዙ አይደለም። 80 ዋት በቀን 6 ሰዓት ለ30 ቀን ቢሠራ 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በአራት ሰዓት የሚበላው ያንን ያህል ገደማ ነው።

ዕቃው አዲስ አበባ ከተገዛ ጉዞውንም አስቡበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ፤ መኪናው ይናጣል። ሃርድ ዲስክ ካለው ነቅላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከራሳችሁ ጋር ያዙት። ፕሮሰሰሩ ላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ከሆነ ኬዙን ማዘርቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን አጋድማችሁ አስቀምጡት፤ ቆሞ ከሄደ የማቀዝቀዣው ክብደት ሰሌዳውን ይስበዋል። ጣሪያ ላይ አትጫኑት።

ኢንተርኔት አለ ብላችሁም አትተማመኑ። በክልላችን በአማራ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከሱቅ ሳትወጡ የዊንዶውሱን ወይም የሊኑክሱን መጫኛ በአንድ ፍላሽ፣ የድራይቨሮቹን ፋይል በሌላ ፍላሽ አስገልብጡ። ድራይቨር ሥርዓቱ ከክፍሎቹ ጋር የሚነጋገርበት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የኔትወርኩ ድራይቨር ከሌለ ሌሎቹን ማውረድ አይቻልም።

ልጆች ካሉ ኪቦርድና ማውስ ላይ አትሰስቱ፤ በጣም ርካሹ በጥቂት ወር ይሰበራል። ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር መስጠት ጀምሯል። ፈተና ክፍል ገብቶ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ልጅ ሰዓቱን የሚያጠፋው በጥያቄው አይደለም።

በበጋ የመንገዱ አቧራ ፋኑ ላይ ይጋገራል። አካባቢያችን ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሳሳ ያለ ነው፤ ሙቀትም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ይወጣል። በሦስት ወር አንዴ ከመብራት ነቅላችሁ፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ባይኖር እንኳ ጡብ ይበቃል።

ሁሉ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀኑን ተመልከቱ። ያገለገለ ከሆነ ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን ሊያሳያችሁ ይችላል። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ስትደክም ኮምፒውተሩ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብዙ ድረ ገጾችም ቀኑ በተሳሳተ ኮምፒውተር ላይ አይከፈቱም። ከክፍሎቹ ሁሉ ርካሿ ናት። ኤስኤስዲውን ስትገዙ አንዷን ጨምሩ፤ የተጻፈባት ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ትገባለች።